እናቴ ከሄደችበት እስክትመለስ

እናቴ አንዳንዴ ትሄድ ነበር። ከቤት አትወጣም፣ በቅሎ አይጫንላትም፣ ስንቅም አይቋጠርላትም። እንዝርቷን እያሾረች ወይም እሳት እየቆሰቆሰች ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ይቀርና ትወድቃለች። ሰውነቷ ይንፈራገጣል፤ ከአፏ አረፋ ይወጣል። ከዚያ ጸጥ ትላለች። ታላቅ እህቷ እትዬ ንጋቷ በሩን ዘግታ ጋቢ ታለብሳታለች። እኔን ጥግ ላይ ታስቀምጠኝና ጆሮዬ ሥር፣ «እናትሽ ሄዳለች። እስክትመለስ ዝም ትያለሽ። ለማንም እንዳትናገሪ» ትለኛለች።

እኔም አመንኩ። ልጆቼ፣ እናንተም ብትሆኑ ታምኑ ነበር። ገላዋ እዚህ ተጋድሞ ዓይኗ ባዶ ከሆነ፣ የገላው ባለቤት ሌላ ቦታ ሄዳለች ማለት ነው። ስትመለስ ደግሞ የመንገድ ድካም ይታይባታል። ራሷን ይፈልጣታል፤ ቀኝ እጇ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይንጠለጠላል፤ ምላሷ ይተሳሰራል፤ እኔን ራሴን ትክ ብላ አይታኝ አታውቀኝም። ሩቅ አገር ደርሳ ብትመጣ ነው እንጂ የልጇን ስም እንዴት ትረሳለች እል ነበር። ከዚያ ከበቅሎ ላይ ጭነት እንደሚወርድ፣ አንድ በአንድ፣ ስሞቹ ይመለሱላታል።

አንዱ የልጅ ልጄ አሁን ሐኪም ቤት ነው የሚሠራው። ይህን ብነግረው፣ «አያቴ፣ የሚጥል በሽታ ነው እኮ። ከጣለው በኋላ አንጎል ይደክማል። እጅም ይዝላል፣ ቃልም ይጠፋል። ሲያርፍ ይመለሳል» አለኝ። ደግ ልጅ ነው፤ ልክ ነህ አልኩት። ለእናንተ የምነግራችሁ ግን ያን ጊዜ ያየሁትን ነው።

ንጉሡ ገና አንኮበር ሳሉ ነው። አባቴ ታመነ ከጦሩ ጋር ዘምቷል። ቤታችን ከገደሉ አፋፍ በታች ነበረች፤ ከሰዓት በኋላ ጉም ከቆላ ወጥቶ ሲሸፍነን የጎረቤት ውሻ ይሰማል እንጂ አይታይም። እናቴ እናናየሁ ጥጥ ትፈትል ነበር። ጥጡን የሚያመጣላት ሰላሀዲን የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው። ከእኛ በታች አንዲት ጎጆ ተከራይቶ ነበርና በየሳምንቱ ዓርብ አህዮቹን እየነዳ ይወጣል፤ ጥጡን ያከፋፍልና የተፈተለውን ይሰበስባል። ቁመቱ ረጅም፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሲመጣ ከአንገት ልብሱ ጫፍ ቴምር ይፈታልኝና፣ «እናቱ፣ ፍሬውን እንዳትውጪው፤ ሆድሽ ውስጥ ይበቅላል» ይለኛል። እኔ ስሜ እናትነሽ ነው፤ እናቱ የሚለኝ እሱና እናቴ ብቻ ነበሩ።

በኅዳር ወር የባላምባራስ ገብረአማኑኤል የበቅሎ ልጓም ተሰረቀ። በብር ያጌጠ፣ ለበዓል ብቻ የሚወጣ ልጓም ነው። ባላምባራስ የሰፈራችን ሹም ነበሩና ሌባሻይ ይውጣ አሉ።

ሌባሻይ አታውቁም። ባታውቁት ይሻላል። ዘርአ ዳዊት የሚባል ሰው፣ የሌባሻይ አለቃ ነኝ የሚል፣ አንድ ብላቴና ይዞ ይመጣል። ለብላቴናው መድኃኒት በወተት በጥብጦ ያጠጣዋል። ልጁ ዓይኑ ይገለበጥና ይንገዳገዳል፤ ወገቡን በመቀነት አስረው ይለቁታል፤ እንደ ሰካራም ከቤት ቤት ይገባል። ከአንዱ ደጅ ደርሶ ከወደቀና ከተኛ ሌባው የዚያ ቤት ባለቤት ነው። ምስክር የለ፣ መሐላ የለ። የዚያን ዕለት ሁሉም ሰው ደጁን ከፍቶ፣ ፊቱን አሳምሮ ይቆማል። የተዘጋ በር ያስጠረጥራል።

ብላቴናው የኛን ቤት አልፎ ወረደ። እትዬ ንጋቷ አማተበች። የሰላሀዲንንም ደጅ አሽትቶ አለፈና ቁልቁል ወደ ወንዙ ሄዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማስታወክ ጀመረ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ሌባው እንቁራሪት ነው በለኛ!» አለ አንድ ጎረምሳ።

«አፍህን ያዝ!» አለ ዘርአ ዳዊት። ፊቱ በእፍረት ፍም መስሏል። ባላምባራስ በበቅሎ ላይ ሆነው ቁልቁል ያዩት ነበር።

በዚህ መካከል እናቴ የሳምንቱን ፈትል በሰፌድ ይዛ፣ እኔን አስከትላ ወደ ሰላሀዲን ቤት ወረደች። ሰው አለፈ፣ ነገሩ አበቃ ብላ ነው። ደጁ ላይ ስንደርስ ቆመች። ዓይኗ የጣራው ክዳን ላይ ቀረ። ሰፌዱ ወደቀ፤ ልቃቂቶቹ ቁልቁል ተንከባለሉ። ከዚያ እሷ ወደቀች፣ በበሩ መድረክ ላይ፣ ግማሽ ገላዋ ውስጥ፣ ግማሽ ገላዋ ውጭ።

ሰላሀዲን ከውስጥ ወጣ። አልጮኸም። ኩታውን አውልቆ ከወገቧ በታች ሸፈናት፤ ፊቷን ወደ ጎን አዞረ፤ ራሷ ሥር እጁን አደረገ። እኔ ቀሚሷ ርሶ አየሁና ወንዝ ተሻግራለች አልኩ በሆዴ። ሰላሀዲን እሷን ከሰው ዓይን ሊሸፍን እንደነበረ ዛሬ ይገባኛል።

ሰው ግን ከወንዝ ዳር ሲሮጥ መጣ።

«ተሻገረ!» ብሎ ጮኸ ዘርአ ዳዊት፤ ድምፁ ተመልሶለታል። «ከብላቴናው ወደ ሴትዮዋ ተሻገረ! አረፋውን እዩ! ከማን ደጅ እንደወደቀች እዩ!»

«እዩት፣ በልብሱ ሊሸፍናት!» አለች አንዲት ሴት።

«ነጋዴ አይደል? የማይሸፍነው ነገር አለ?»

ዘርአ ዳዊትን ዛሬ ሳስበው እፈርድበታለሁ ማለት ያቅተኛል። ብላቴናው ባዶ ቢያስቀረው የሚገረፈው ራሱ ነበር። የወደቀ ሰው ፈለገ፤ የወደቀ ሰው አገኘ።

ባላምባራስ በቅሏቸውን አስጠጉ። «አንተ ሰው! ይህች ሴት ደጅህ ላይ ምን ጣላት?»

ሰላሀዲን አፉን ከፈተ። እናቴን አየ። እትዬ ንጋቷን አየ፤ እሷ ልብሷን አፏ ላይ ይዛ ከሰው መሀል ቆማለች። ከዚያ አፉን ዘጋ። እኔ ቅርብ ነበርኩና ሲዘጋው አይቼዋለሁ። ሌባ ሲያዝ አፉን እንዲህ ይዘጋል ማለት ነው አልኩ።

«ጌታዬ፣» አለ በመጨረሻ፣ «ወላሂ አልሰረቅሁም። የቀረውን እሷ ትንቃና ትናገር። እኔ እጠብቃለሁ።»

«ሌላ ቃል የለህም?»

«የለኝም።»

«እሰሩት» አሉ ባላምባራስ። «ሴትዮዋም ነገ ፀሐይ ስትወጣ ትምጣና ቃሏን ትስጥ። ካልተናገረችም መውደቋ በቂ ነው።» ወደ ሰላሀዲን ዞረው፣ «ሌባ በኔ አገር በምን እንደሚቀጣ ታውቃለህ» አሉ። ሰላሀዲን እጆቹን አየ። የታሰሩበትን ገመድ ያየ መስሎኝ ነበር።

እናቴን በቃሬዛ ተሸክመው ቤት አስገቧት። ያን ቀን ቤታችን እንደ ሠርግ ቤት ሆነ። ከዚያ በፊት ደጃችንን ረግጠው የማያውቁ ሴቶች ወተት በቅል፣ ቆሎ በሰፌድ እየያዙ መጡ። እናቴ ተኝታለች፤ እነሱ ጉልበቷን ይስማሉ። አንዷ ዓይነ ጥላ ያለበትን ልጇን አምጥታ የእናቴን የዛለ እጅ በራሱ ላይ አስጫነችው። እኔ ከራስጌዋ ተቀምጬ የነገሥታት ልጅ ሆንኩ። ሌላ ጊዜ በር ተዘግቶ በሹክሹክታ የምትሄደው እናቴ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ እያየ ሄዳ ሌባ አግኝታለች!

ወደ ማታ ግድም ዓይኗን ገለጠች። ዙሪያዋን አየች። ማንንም አላወቀችም። ምላሷ በጥርሷ ተነክሶ አብጧል። የውኃውን ቅል በግራ እጇ አመለከተች፤ አፏን አንቀሳቀሰች፤ «ውኃ» የሚለው አልመጣላትም። «እ... እሳ... እ...» አለችና እንባዋ መጣ። ከዚያ ድንገት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «አቡነ ዘበሰማያት» ብላ ጀመረች። አንዲት ቃል ሳትስት፣ ሳትደናቀፍ፣ እስከ መጨረሻው ወረደችው።

ሴቶቹ እንደ ንብ አጉረመረሙ። «ውኃ ማለት ያቃታት ሴት! መልአክ ነው የሚያናግራት!»

እኔም መልአክ ነው አልኩ። የልጅ ልጄ እንደሚለው፣ ከልጅነት ጀምሮ በቃል የተያዘ ነገር ከሌላው ቃል ቀድሞ ይመለሳል፤ የሚቀመጥበት ጓዳ ሌላ ነው አለኝ። ይሁን። ግን ልጆቼ፣ ባዶ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የተመለሰው ያ ጸሎት መሆኑን ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ሴቶቹ ሲሄዱ እትዬ ንጋቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። «እግዜር ሸፈነን» አለች። ለኔ አይደለም፤ ለግድግዳው። «ከልጅነቷ ጀምሮ ስንሸሽገው የኖርነውን በአንድ ቀን ጸጋ አደረገው።» እኔ የገባኝ ጸጋ የሚለው ብቻ ነው።

ሲነጋጋ ብነቃ እናቴ ተቀምጣ እንዝርት ይዛለች። ቀኝ እጇ እንዝርቱን ሊያሾረው ይሞክራል፤ ይወድቅባታል፤ ታነሳዋለች። የምትፈትለው ክር አንዱ ጋ እንደ ጣት ወፍሯል፣ አንዱ ጋ እንደ ጸጉር ቀጥኗል። ሁልጊዜ ስትመለስ እንዲህ ታደርጋለች። እጇ ቤቱ መግባቱን የምታየው በክሩ ነው። ቀና ብላ አየችኝ።

«እናቱ» አለች።

ተመልሳለች! ዘልዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። የምሥራቹን ለመንገር ቸኩዬ ቃሌ ይደራረብብኝ ነበር። «እማዬ፣ አገኘሽው እኮ! ልጓሙን የሰረቀውን አገኘሽው! አያ ሰላሀዲን ነው! ደጁ ላይ ወደቅሽና ያዙት! ዛሬ ይፈረድበታል!»

እንዝርቱ ቆመ። ከንፈሯን ነከሰች። «ሰላ... ሰላሀዲን... ምን... አለ?»

«ምንም አላለም። ባላምባራስ ምን ጣላት ሲሉት አንቺን አየና አፉን ዘጋ። ትንቃና ራሷ ትናገር፣ እጠብቃለሁ አለ።»

እናቴ እንዝርቱን አስቀምጣ የዛለውን እጇን ታየው ጀመር። እንዲህ ስትሆን ገና ሙሉ በሙሉ አልመጣችም፣ ግማሿ መንገድ ላይ ነው ብዬ አስብ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከዚያ ሰዓት ይልቅ ሙሉ ሆና አይቻት አላውቅም።

«ነጠላዬን» አለች።

እትዬ ንጋቷ ከጓዳ ብቅ አለች። «የት ልትሄጂ?»

«ባላ... ባላም...» አልወጣላትም። በእጇ ወደ ላይ አመለከተች።

«አትሄጂም! ገና አልዳንሽም፤ ቃልሽ አልተመለሰም። ሄደሽስ ምን ልትያቸው? ይጥለኛል ልትያቸው?» እትዬ ንጋቷ በሹክሹክታ ትጮህ ነበር። «ታመነ ቢሰማ አንድ ቀን ያድራል? ከእጅሽ ማን ይቀምሳል? ይህችን ልጅ ማን ያገባታል? ዘሯን ሲጠይቁ ምን እንላለን? እኅቴ፣ በእመቤታችን፣ ዝም ማለት ብቻ ነው! አንቺ ሰረቀ አላልሽ! እነሱ ናቸው ያሉት!»

እናቴ መለሰችላት፣ ግን በቃል አይደለም። የዛለውን ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች፤ የግራ እጇን ጠርዝ እንደ ቢላ አምባር በሚታሰርበት ላይ አስቀመጠች፤ አንዴ ጫን አደረገችው። እጇን ያመማት መስሎኝ ላሽላት ቀረብኩ። እትዬ ንጋቷ ግን ፊቷን ሸፈነች፤ ነጠላውንም አመጣችላት።

ወደ ባላምባራስ ግቢ ስንወጣ መንገዱ ውርጭ ነበር። ሰው ከወዲሁ ተሰብስቧል። ሰላሀዲን ከጥድ ግንድ ሥር እጁን ወደ ኋላ ታስሮ ተቀምጧል፤ ኩታው ከኛ ቤት ስለቀረ ብርዱ አድቅቆታል። እናቴን ሲያይ ዓይኑን ሰበረ። ሴቶቹ፣ «መጣች፣ መጣች!» እያሉ ልብሷን እየነኩ አሳለፏት። አንዷ እኔንም ሳመችኝ።

«ተናገሪ» አሉ ባላምባራስ። «ያየሽውን ተናገሪ።»

እናቴ ቆመች። አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልመጣም። «እኔ...» አለች። «እኔ... ትና... ትናንት...» ወዲያው ደግሞ፣ «እኔ ጥጥ...» አለች። ራሷን ነቀነቀች፤ ጥጥ ልትል እንዳልፈለገች ያስታውቃል። ሰው መተያየት ጀመረ።

«ጌታዬ፣ ሌባሻይ አይናገርም!» አለ ዘርአ ዳዊት ፈጠን ብሎ። «ምልክቱ መውደቋ ነው። መውደቋም ታይቷል። ምን ያስጠብቃል?»

ባላምባራስ እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ እናቴ መሬቱን በእግሯ መታች። ቃሉ ከገደል እንደሚወጣ ሰው፣ ትንፋሹ ተቆርጦ፣ ወጣ።

«ይጥለኛል።»

«ምን?»

«ይጥለኛል። ከልጅነቴ... ይጥለኛል። ትናንትም ጣለኝ። ሌባ አላየሁም። ምንም አላየሁም።»

«ውሸት ነው!» አለ ዘርአ ዳዊት። «የነጋዴው ዘመዶች አስፈራርተዋት ነው! ወይ በአሞሌ ጨው ገዝተዋታል!»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣለች። የቀሚሷን እጅጌ እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች። ከክርኗ በላይ ሥጋው የተጨማደደ፣ እንደ ቀለጠ ሰም የሚያብረቀርቅ ጠባሳ አለ። ምድጃ ላይ የወደቀች ጊዜ ነው፤ እኔ ሳልወለድ። ያን ክንድ ለሰው አሳይታ አታውቅም፤ በሙቀትም ቢሆን ረጅም እጅጌ ነበር የምትለብሰው።

«ይኸ...» አለች ለዘርአ ዳዊት፣ «ይኸስ ሌባ... ስፈልግ ነው... የተቃጠለው?»

ባላምባራስ ጠባሳውን አዩ፤ የተነከሰ ምላሷንም እንድታሳይ አዘዟት፤ አዩ። ዘርአ ዳዊትን ግን አላዩትም፤ እሱ ከሰው ኋላ መራቅ ጀምሯል። «ፍቱት» አሉ።

ስንመለስ ሰዉ ሁሉ መንገድ ለቀቀልን። ስንመጣ ተጋፍተውን ነበር፤ አሁን ግራና ቀኝ ተከፍለው፣ የልብሳቸውን ጫፍ ሰብስበው ይዘው፣ ሰፊ መንገድ ከፈቱልን። እኔ ለንግሥት እንኳ እንዲህ አይለቀቅም አልኩ። የእናቴን ደህና እጅ ይዤ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የሄድኩት። ልብሳቸውን የሰበሰቡት እንዳይነካን መሆኑን ለማወቅ ዓመታት ፈጀብኝ።

እትዬ ንጋቷ ያለችው ሁሉ ሆነ። ወተት ያመጣችው ሴት ቅሏን ሳትወስድ ቀረች፤ እናቴ የያዘችውን ዕቃ ማን መልሶ ይነካል? አባቴ ከዘመቻ ሲመለስ ወሬውን ጫጫ ላይ ሰማ። መጥቶ አንድ ቀን አደረ። ክፉ ቃል አልተናገረም፤ በኋላ ደብረ ብርሃን ሌላ ቤት ሠራ፤ በመከር ጊዜ ገብስ ይልክልን ነበር። ልጓሙ አልተገኘም። ሌባሻይ እንደገና ወጣ፣ በሌላ አለቃ፣ በሌላ ብላቴና፤ ከሌላ ሰው ደጅ ወደቀ። የዚያን ሰው ነገር አልነግራችሁም። እኔም ካደግሁ በኋላ ዘሬን የጠየቀ ሰው አገባኝ። ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ ነው ያገባኝ።

ግን የምነግራችሁ የመጀመሪያዋን ዓርብ ነው።

ዓርብ ዕለት የአህዮቹ ኮቴ ተሰማ። እናቴ ደጅ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች፤ እጇ ተመልሶላታል፤ ክሩም ቀጥ ብሏል። ሴቶች ከምንጭ ውኃ ተሸክመው በደጃችን ያልፋሉ፤ ሲደርሱ የመንገዱን ወዲያኛ ጠርዝ ይይዛሉ። ሰላሀዲን አህዮቹን አቆመና ጥጡን አወረደ። እናቴ ታጥቦ የታጠፈ ኩታውን ሰጠችው። ልቃቂቶቹን ቆጥሮ አልተቀበለም፤ አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሳቸው። ያቺን ወፍራምና ቀጭን የሆነችውን ሲያገኝ ቆመ።

«ይህች የዚያን ዕለት ናት?»

«የማግስቱ ናት» አለች እናቴ። «ተዋት፤ ትበጠሳለች።»

«ለድር አትሆንም። ለማግ ትሆናለች» ብሎ ከሌሎቹ ጋር ጨመራት። ከዚያ ግንባሩን ጠረገና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ መንገድ ላይ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ፣ «እናና፣ ውኃ አጠጪኝ» አለ።

እናቴ አልተነሳችም። «አያ ሰላሀዲን፣ ሰው እያየ ነው።»

«ይየኛ። ጠምቶኛል።»

ገብታ በቅል አመጣችለት። ቢስሚላህ ብሎ፣ ከእጇ ተቀብሎ፣ ቆሞ ሳይሆን ደጃችን ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቀስ እያለ ጠጣ። ሴቶቹ እንስራቸውን እንዳዘሉ ቆመዋል። ሲጨርስ ቅሉን መለሰላት።

«በዚያች በአልዩ አምባ ቁልቁለት፣ አምና፣ ስወድቅ አይተኸኝ ነበር» አለች እናቴ። «ጀርባህን ሰጥተህ አጠገቤ ተቀምጠህ እንደጠበቅኸኝ አውቃለሁ። ታውቅ ነበር። አንዲት ቃል ብትናገር ይለቁህ ነበር። ለምን ዝም አልክ?»

ሰላሀዲን ጢሙን በመዳፉ አበሰ። እንደ ቀላል ነገር ነበር የመለሰው።

«አንቺ አልነበርሽም። በሌለሽበት ነገርሽን እንዴት አወራለሁ? ትመለሳለች ብዬ ጠበቅሁ።»

ከዚያ ከልብሱ ጫፍ ቴምር ፈታልኝ። እኔም ቴምሩን ይዤ በደስታ አየሁት። ለካስ እናቴ እንደምትሄድ፣ ሄዳም እንደምትመለስ፣ ከቤታችን ውጭም የሚያውቅ ሰው ነበረ።